ኮርቻ የሚቀበል ፈረስ

ባሌ የሚጣል ነገር የሚባል አያውቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኪሱ ተወጥሮ ነው፤ የበር ማጠፊያ፣ የብስክሌት ሰንሰለት ቁራጭ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን፣ አንዳንዴም ከየት እንዳገኘው የማይናገረው የመኪና ዕቃ። እንጅባራ በዚያ ጊዜ ትንሽ ከተማ ስለነበረች ይህ አመሉ በሁሉም ዘንድ ለመታወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ጎረቤት የተሰበረ ነገር ሲኖረው ከመጣሉ በፊት በእኛ በር ያልፋል። «መምህር፣ ይህች ትሆንዎታለች?» ይላል። አትሆነኝም ብሎ መልሶ አያውቅም። የምመልሰው እኔ ነበርሁ፤ ያውም እሱ በሌለበት።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ዳንግላ ያን ጊዜ የአውራጃው ከተማ ናት፤ እናቴም ዕቃ በቦታው ካልተቀመጠ እህል በጉሮሮዋ የማይወርድላት ሴት ነበረች። ከእሷ ቤት ወጥቼ፣ የምቀመጥበት ወንበር ላይ የመኪና ሞላ ተጋድሞ ወደማገኝበት ቤት መግባቴ ቀላል አልነበረም። «ይህን ጉድ አውጣልኝ» ስለው «እሺ፣ ነገ» ይለኛል። የባሌ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሥዕል የተማረው አዲስ አበባ ነው። ሲጨርስ በተወለደበት አገር የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህር ሆኖ ተመደበ። ዘመኑ የደርግ ነበርና ከሠዓሊ የሚፈለገው በአብዛኛው የተጨበጠ እጅ ነው። ለአብዮት በዓል፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ ለሴቶች ማኅበር፣ ለወጣቶች ማኅበር የሣለው የተጨበጠ እጅ ሁሉ ተሰልፎ ቢቆም ከእንጅባራ ተነሥቶ አዲስ ቅዳም ይገባል። እጁን ሥሎ ሲጨርስ ቤት ይመጣና፣ ቀለም የነካ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ከቆርቆሮና ከሽቦ ዶሮ ይሠራል። ምንቃሯ የተሰበረ ፒንሳ የሆነ ዶሮ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ያኛው ለእነሱ ነው፣ ይህች ለእኔ ናት» ይላል።

ከሰው መጀመሪያ የሠራው እኔን ነው። አገጬ የተበሳ የከሰል ካውያ፣ ፀጉሬ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ አንድ እጄ ወገቤ ላይ፣ ሌላው ጭልፋ ይዟል። ጭልፋው የራሴ ነበር፤ ስንት ቀን ስፈልገው የከረምሁት። አኮረፍሁ። በማግሥቱ ጎረቤቴ መጥታ ገና ከበሩ ስታየው «ውይ! አንቺ!» ብላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ እኔም አልቻልሁም። መመሳሰሉን መካድ አይቻልም ነበር። እወደው ነበር ማለት ነው፤ አለዚያማ በዚያው ካውያ ራሱን እለው ነበር።

የባሌ አባት፣ አማቴ፣ በጥርባ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ገበሬ ስል ግን መጀመሪያ ፈረሰኛ ማለቴ ነው። እግራቸው ሁልጊዜ ቀለበት የሠራ ነበር፤ ሲራመዱ ፈረሱ ከሥራቸው የጠፋባቸው ይመስላሉ። አጭር፣ ቁጡ፣ ሳቃቸውን የሚደብቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ደግሞ በእናቱ ወገን ወጥቶ ረጅምና ለስላሳ ነው። ለፈረስ ያሰቡት ይህ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ሥዕል ተምሮ ሲመጣ ምን እንዳሉ ባላውቅም፣ ምን እንዳላሉ ግን አውቃለሁ። እንኳን ደስ ያለህ አላሉትም።

ነገሩ የባሰው በሠርጋችን ዕለት ነው። ባሌ በአባቱ ዳማ ፈረስ ተቀምጦ፣ አጃቢዎቹ በፊቱ እየጋለቡ፣ እኔን ሊወስድ ዳንግላ መጣ። በአባቴ ቤት ደጅ ላይ ከፈረሱ ወደቀ። ፈረሱ ቆሞ ነበር። ሲሮጥ ቢወድቅ ሰው ይረዳዋል፤ ከቆመ ፈረስ እንዴት እንደሚወደቅ ግን የሠርጉ ታዳሚ ሁሉ ለወራት ተከራክሮበት አልጨረሰውም። ባሌ ያለው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ «እርካቡ አጥሮብኝ ነው። በአባየ እግር ልክ ታስሮ ነበር።» ማንም አላመነውም፤ የወደቀ ሰው ሁሉ እርካብ ይወነጅላላ። አማቴም ዳማውን በዛቡ እየሳቡ ከግቢው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ለልጃቸው ስለ ፈረስ አንሥተውለት አያውቁም፤ እሱም ፈረስ ላይ አልወጣም። የገበያ ቀን ሲመጡ ስለ ድንች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና ይጫወታሉ። ቁም ነገር ከመጣ ወደ አገውኛ ይገባሉ። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንሁ አገውኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍ፤ ጠብ ይሁን ጨዋታ የማውቀው በድምፃቸው ነበር።

በአንድ ክረምት መውጫ ዳማው ታሞ ሞተ። አማቴ ለተወሰነ ጊዜ ከገበያ ጠፉ። በመጨረሻ ሲመጡ በእግራቸው ነበር፤ ድንች በጆንያ ተሸክመው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ። ውኃ አሞቅሁላቸውና እግራቸውን እያጠብሁ፣

«ሌላ ይግዙ እንጂ አባየ፤ ይህን ሁሉ መንገድ በእግር?» አልኋቸው።

«ለሌላ ፈረስ ጉልበትም ሣርም የለኝ ልጀ። ግጦሹን የገበሬ ማኅበሩ አረሰው። እኔም እንደምታይኝ ነኝ» አሉ። ቀጥለው ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ፣ «ብቻ በተውሶ ፈረስ አይለቀስልኝም» አሉ።

በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ከቀብሩ በኋላ በሌላ ቀን ለቅሶ ይወጣል። የሟቹ ፈረስ በሙሉ ጌጡ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በለቀስተኛው መካከል ይዞራል። አልቃሿ ግጥሟን የምትሰጠው እሱን እያየች ነው። ለቅሶው ሲያበቃ ወራሹ ልጅ በዚያው ፈረስ ተቀምጦ ወደ ቤት ይመለሳል። ፈረስ የሌለው ሰው ዘመዶቹ ይዋሱለታል፤ ነውር የለውም። ለአማቴ ግን ነውር ነበር። «የማያውቀኝ እንስሳ በእኔ ስም ሲዞር?» ይሉና ከንፈራቸውን ያጣምማሉ። የሚያሳስባቸው ሞቱ አልነበረም፤ ይኸው ብቻ ነበር።

ባሌ ያን ዕለት ወሬውን በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ድንቹን ጓዳ አስገባና ወጣ።

ፈረሱን የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ለአባቴ ነው አላለም፤ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ነው አለ። የጎድን አጥንቱን ወንበር ከሚሠሩ ሰዎች ደጅ በለቀመው የቀርከሃ ቅሪት አቆመው። ቆዳውን የዘይት ቆርቆሮ እየቀደደ አለበሰው። ጆሮው ያለቀ በረባሶ ጫማ ነው፣ ጋማው የደረቀ የቀለም ብሩሽ፣ ጅራቱ ቃጫ፣ ዓይኑ የጠርሙስ ክዳን። ጥርሱ የእኔ ማበጠሪያ ነበር፤ ግማሹ የረገፈ ስለሆነ ይቅር ብየዋለሁ። ከባሕር ዛፍ ግንድ ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦ መንኮራኩር አበጀለት። ቁመቱ የእውነተኛ ፈረስ ያህል ነው። ከንፈሩን ወደ ላይ ስላጠፈው ይስቃል። ሲጨነቅ የሚሠራው ነገር ሁሉ የሚስቅ ነበር፤ ይህን አመሉን እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ለኤግዚቢሽኑ ከአውራጃው ካድሬ መጣ። በተጨበጡት እጆች ፊት ራሱን እየነቀነቀ አለፈና ፈረሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጓድ መምህር፣ ፈረሰኛው የት አለ?»

«የለውም» አለ ባሌ።

«ጀርባው ባዶ ነው! ባላባት እንዲቀመጥበት ነው እንዴ?»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰራል። ባሌ ፈረሱን አየ፣ ካድሬውን አየ። «አይ ጓድ፣ ባላባቱማ ወርዶ ሄዷል። ፈረሱ የሚስቀው ለዚህ እኮ ነው» አለ። ካድሬው ትንሽ አሰበና ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ የሌላውም ሳቅ ተፈቀደ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቤት እንደገባን ያወረድሁበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ጠበበ ተባለና ፈረሱ ወደ ቤታችን መጣ። ሳሎናችን ገባ። ሳሎን ያልሁት ለክብር ነው፤ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ የሚይዝ ክፍል ነበር። ፈረሱ ሲገባ ሁለት ወንበር ወጣ።

በሚቀጥለው ገበያ አማቴ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ዳማቸው ከሞተ ገና ነው፣ ይህ ደግሞ ቆርቆሮ ሆኖ ይስቃል። ገቡና አንድ ጊዜ ዞሩት። ከንፈሩን ገልጠው ማበጠሪያውን ተመለከቱ። «ወጣት ነው» አሉ። እግሩን ዳበሱ፣ ደረቱን መቱት፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ። በመጨረሻ እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ። ባሌ ጀርባውን ድፍን ክብ አድርጎት፣ መሐሉ ላይ ብሩሽ የሚያስቀምጥበት ክዳን አበጅቶለት ነበር።

«ኮርቻ የት ይቀመጣል?»

ባሌ ጭራሽ አላሰበበትም። በፈረሰኛ አገር ተወልዶ፣ ፈረስ ሠርቶ፣ ለኮርቻ ቦታ የረሳ ሰው ከእሱ በቀር ያለ አይመስለኝም።

«ኮርቻ የማይቀበል ፈረስ፣ ፈረስ አይዶለም» አሉ አማቴ። «በርሜል ነው።»

ከዚያ ወደ አገውኛ ገቡ። ድምፃቸው ከፍ አለ፣ የባሌም ከፍ አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሳህን ይዤ ቆምሁ። ድንገት ሳቅ ሰማሁ፤ የሁለቱም ነበር። ስወጣ ባሌ ፒንሳውን ይዞ የፈረሱን ጀርባ እየነቀለ፣ አባቱ ኮታቸውን አውልቀው በስንዝር እየለኩ አገኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን መልኩ ተለወጠ። አማቴ ድንቻቸውን እንደሸጡ ቀጥታ ወደ ሳሎኔ ነው። ወንበራቸውን ከፈረሱ ፊት ያስጠጉና ዳኝነት ይጀምራሉ። ጆሮው የአህያ ነው፣ ይጠር። አንገቱ ደርቋል፣ ትንሽ ይቀለስ። ዳማው ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረበት፣ ይህስ ለምን ይቀርበታል? ባሌ እንደ ተማሪ ይታዘዛል። ቀለም ቀብቶ ዳማ አደረገው፤ የግንባሩን ነጭ የሣልሁት እኔ ነኝ፣ አማቴ ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ «ዝቅ፣ ዝቅ፣ እዚያ ላይ» እያሉኝ። ከአሮጌ መጋረጃዬም ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ ግላስ ሰፋሁለት። ለምን እንደምሠራው አልገባኝም፤ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ። ሁለቱ ወንዶች አፍ ለአፍ ገጥመው ሲያወሩ ጓዳ ሆኜ መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አማቴ ሆዱን በእጃቸው ተጭነው፣

«ሰው ይችላል?» አሉ።

ባሌ ሳቀ። «ማንን ነው የሚችለው አባየ? መጫወቻ እኮ ነው።»

«ይቻል» አሉ።

በዚህ ምክንያት ያ የመኪና ሞላ ከወንበሬ ላይ ተነሥቶ የፈረሱ ሆድ ውስጥ ገባ። ስንት ዘመን ለምኜ ያልተሳካልኝን አማቴ በአንድ ቃል አስፈጸሙት። ወጋግራ የሚያህል እንጨትም ገባበት።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን ባሌ ትምህርት ቤት ሳለ መጡ። የዝናብ ገሳቸውን ደርበዋል፤ ሲያወልቁት ከሥሩ ኮርቻቸው ወጣ። የዳማውን ኮርቻ ያንን ሁሉ መንገድ በዝናብ ተሸክመውት መጡ። ልርዳዎት ብል «ተይ» አሉኝ። መጋረጃዬን አነጠፉ፣ ኮርቻውን ጫኑ፣ የሆድ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉ፣ ልጓሙን አስገቡለት። ቀጥለው እርካቡ ላይ ብዙ ቆዩ። ይፈቱታል፣ ያስሩታል፣ ይፈቱታል። በመሐሉ፣ በሳሎኑ ገመድ ላይ የሰጣሁትን የባሌን ሱሪ አወረዱና ወደ ፈረሱ ይዘውት ሄዱ።

«ይተዉት አባየ፣ ገና አልደረቀም» አልኋቸው። ሊለብሱት መስሎኝ።

«እሺ ልጀ» ብለው መልሰው ሰቀሉት።

ሊሄዱ ሲሉ ኮርቻውን እንዲወስዱ ለመንኋቸው። የፈረስ ላብ ይሸታል፤ እንግዳ ቢመጣ ምን እላለሁ? «ይቆይ። እዚህ ደኅና ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ተነጫነጭሁ። እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው፣ የፈረሱን አንገት መታ መታ አድርገው ወጡ። በሕይወት ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው መጨረሻ። ነሐሴ ላይ ብርድ መታቸውና ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ስለ ለቅሶው ለመነጋገር አማቴ ቤት ተቀመጡ። አንድ የሟች ወንድም ልጅ ዐይን የሚያጠግብ ጥቁር ጉራች ፈረስ ነበረው፤ ያንን አቀረበ። ሁሉም ተስማማ። ባሌ አንገቱን ደፋ። በተውሶ ፈረስ አይለቀስልኝም ያሉት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ምራት በሽማግሌ መሐል አትናገርም፤ እኔ ግን ተናገርሁ።

«የራሳቸው አላቸው።»

ባሌ ነጠላዬን ጎተተ። «ተይ እባክሽ። መጫወቻ ነው፤ ለቅሶ ላይ ሰው ይስቅብናል» አለኝ በሹክሹክታ። አባቱን ዳግመኛ በሰው ፊት እንዳያዋርድ ነበር የፈራው።

ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ቆርቆሮው ሰምተው ኖሯል። ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ አልጠየቁም።

«ማን ጫነው?» አሉ።

«ራሳቸው። በእጃቸው። እኔ እያየሁ።»

ሽማግሌው ደጅ ወደ ቆሙት ጎረምሶች ዞሩ። «ሟች በእጁ የጫነው እያለ የሌላ አይዞርም። አምጡት» አሉ።

ከእንጅባራ እስከዚያ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም፤ ጎረምሶቹ ተጋግዘው በትከሻ አመጡት። ባሌ ከፊት ይዞ ነበር። መንገድ ላይ የተገናኘን አንድ ሰውየ ቆሞ አየንና «ምን ነካችሁ? ፈረስ ሰው ይሸከማል እንጂ ሰው ፈረስ ይሸከማል?» አለ። ባሌ ላቡን ጠረገና «ተራው ነው» አለው። ከቀብሩ ወዲህ የተናገራት የመጀመሪያዋ ቀልድ ናት፤ ሰማሁና አለቀስሁ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ፈረሱ ሲገባ እውነተኞቹ ፈረሶች ደነበሩ። ጎረምሶቹ በገመድ እየሳቡት፣ መንኮራኩሩ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ቆርቆሮው እየተንኳኳ፣ በማበጠሪያ ጥርሱ እየሳቀ ዞረ። ሰው አፉን በነጠላው ያዘ። አንዱ አላስቻለውም፤ ፈነዳ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ የባሌን ፊት አየሁት፤ ምድር ብትከፈትለት ይገባ ነበር። አልቃሿ ግን አልሳቀችም። ፈረሱን አስቁማ፣ ኮርቻውን በእጇ ነክታ፣ እንዲህ አለች፤

ዳማውም ቀደመው፣ ሣሩም ታረሰበት፣
ልጁ ከቆርቆሮ ፈረስ ወለደለት።

ሳቁ የነበረበት ጉሮሮ ሁሉ ወደ ልቅሶ ዞረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መሬት መሬት አየ። እኔ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ሰው እንባውን ይጠርግና ፈረሱን ሲያይ ይስቃል፣ ስቆ ያለቅሳል።

ሲያበቃ ወራሹ እንዲቀመጥ ተጠራ። ባሌ የበኩር ልጅ ነው። ከሠርጋችን ዕለት ወዲህ ኮርቻ ላይ አልወጣም። ሰው ሁሉ ያንን ውድቀት እንዳስታወሰ ከዓይኑ ያስታውቃል። እግሩን እርካብ ውስጥ ሲያስገባ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ወይ ፈረሱ ወይ ባሌ ይሰበራል አልሁ። ሞላው ሲያቃስት ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ኮርቻው ላይ ተቀምጧል። ፈረሱ ችሎታል።

ባሌ ግን አይንቀሳቀስም። ግራ እግሩን አየ፣ ቀኝ እግሩን አየ። ያመመው መስሎኝ ተጠጋሁ።

«ምን ሆንህ?»

«እርካቡ» አለኝ። «አባየ አርዝሞታል። በእኔ እግር ልክ ነው።»

ያ ያልደረቀ ሱሪ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ለካ እርካቡን ሲለኩበት ኖሯል። ዛቡን አነሣሁና እጁ ላይ አደረግሁለት።

«በል ያዝ» አልሁት። «እንዳትወድቅ።»

ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ያዘ። ጎረምሶቹ ገመዱን ሳቡ።